የቀይዋ መኪና አመል

ፈረስ ሲገዛ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል። ይሄን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። መኪና ሲገዛ የቱ ተከፍቶ ምኑ እንደሚታይ ግን እስከዚህ ዕድሜዬ የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔም አስቤበት አላውቅም። ሰው ያልተጠየቀውን ባያውቅ ነውር የለበትም። ነውሩ እንደሚያውቅ ሰው ዱላ አንሥቶ መነሣት ነው። እኔ ዱላዬን አንሥቼ ተነሣሁ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የቸኮለ ካለ ከወዲሁ ይሂድ፣ አልቀየምም፤ እኔ ስሄድም ስናገርም አዝግሜ ነው።

ልጄ አስካለ ዘመሮ ውስጥ ሙሽራ የምታስጌጥበት ሱቅ አላት። ድንኳን ታስተክላለች፣ ወንበሩን ነጭ ቀሚስ ታለብሰዋለች፣ መግቢያው ላይ አበባ ትደረድራለች። አበባው የላስቲክ ነው። እውነተኛውን ሁለቴ ሞክራው ሁለቴም ውርጭ በላባት። ላስቲኩ ግን እየታጠበ ይኸው ከዓመት ዓመት ይድራል፤ ስንቷን ድሮ፣ ስንቷን አስወልዶ፣ እሱ እንደ ልጅነቱ አለ። በዚያች ሱቅ ነው ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው። ባሏ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው፤ ደግ ልጅ ነበር፣ ፈረስ አያውቅም እንጂ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ሌላ አስጌጪ ተነሣና ሙሽሮችን በረጅም ነጭ መኪና ማመላለስ ጀመረ። ሙሽራ እንደ በግ ናት፤ አንዷ አጥሩን ከዘለለች የቀረው መንጋ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ይዘላል። የአስካለ ድንኳን እንደተጠቀለለ ከረመ። አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«አባዬ፣ እኔም መኪና ካልያዝኩ ሱቁን ልዘጋው ነው» አለችኝ።

«ምን ዓይነት መኪና?»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ቀይ ናት። ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከላይ ባዶ። ራቤል አንድ ሐጂ ቤት ተቀምጣለች ብሎ ደላላ ነው ፎቶውን የላከላት።

«ጣራዋን ማን ወሰደው?» አልኩ።

«አባዬ፣ ሲሠሯትም ጣራ የላትም። ሙሽራዋ እንድትታይ ነው።»

«በዚህ ብርድ?»

«ሙሽራ አይበርዳትም።»

እሱስ እውነቷን ነው። እናቷን ያገባሁ ቀን ውርጭ ነበር፤ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቀጥላ ላሟን ከነጥጃዋ መሸጧን ስትነግረኝ ግን ሳቄ ጠፋ። መኪናዋ ብላሽ ከሆነች ሱቁም ሄደ፣ የልጆቹም ወተት ሄደ ማለት ነው። ሌላ የምትሸጠው ነገር የላትም።

«እርስዎ አይተው ግዢ ካላሉኝ አልገዛም» አለች።

በእኛ አካባቢ ፈረስ መርማሪ ነው የምባለው። ትምህርቴስ ምንም አይደለም፤ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ አንድ ቀን መምህሩ የጠፋች በቅሏቸውን ፈልግ ብለው ላኩኝ፤ በቅሎዋ ተገኘች፣ እኔ ወደ ትምህርቱ አልተመለስኩም። ገበያ ላይ ግን ሰው ፈረስ ሲገዛ «እስቲ አንዴ ይዩልኝ» ብሎ ጋቢዬን ይጎትታል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ መኪና አላውቅም።»

«ሻጭ ያውቃሉ አይደል? ሻጭ ሁሉ አንድ ነው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ለተናገረ ሰው ምን መልስ ይሰጣል። ማግሥቱን ማለዳ ከዘመሮ በአውቶቡስ ተነሥተን ራቤል ገባን።

ራቤል ስንደርስ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል። ደላላው ሸዋፈራው ይባላል፤ አፉ ከእግሩ ቀድሞ የሚመጣ ጎልማሳ ነው። «እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ ተቀበለን፤ ገና ምንም ሳንገዛ። ባለመኪናው ሐጂ ይመር ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ከአዲስ አበባ ያመጣት ሟች ወንድማቸው ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጭድ ቤት ውስጥ ኖራለች።

«አሁን ቦታውን ለጭዱ ፈለግኩት» አሉን ሐጂ። «ጭዱ ቢያንስ ይበላል።»

«ሐጂ፣ ይተዉ እንጂ!» አለ ሸዋፈራው። «ፋዘር፣ ይቺ እኮ ክላሲክ ናት!»

ፋዘር የሚለው እኔን ነው።

«ክላሲክ ምንድን ነው?»

«ባረጀች ቁጥር የምትወደድ ማለት ነው።»

«እስቲ ይሄን ግባና ለባለቤቴ ንገርልኝ» አሉ ሐጂ። «እሷ የምትለኝ ሌላ ነው።»

«ደግሞም ስፖርት ናት፤ የሩጫ!» አለ ሸዋፈራው።

«ታዲያ ማን አሯሯጣት?»

አስካለ ጎኔን ነካ አደረገችኝ፤ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

እንግዲህ እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። የማላውቀውን እንስሳ ከኋላ አልቀርብም። ከፊት ለፊቷ መጣሁና «በስመ አብ» ብዬ በዝግታ ተጠጋኋት፤ ግንባሯንም ዳበስኩላት። ሸዋፈራው ሳቁ አመለጠው።

«አባዬ፣ አትራገጥም እኮ» አለች አስካለ አፍራ።

«እሱን ባለቤቱ ይንገረን።»

ጥርሷን አየሁ። ከፊት ለፊቷ እንደ ጥርስ የተደረደረ የሚያብረቀርቅ ብረት አላት፤ ሁለቱ ወልቀዋል። ይሄ ዕድሜ ነው፣ እኔም የወለቁ አሉኝ፣ ለዚህ ሰው አይጣልም። ወዲያው ግን እጄ ግንባሯ ላይ እንዳረፈ ቆየና አንድ ነገር ተሰማኝ። ትሞቃለች።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ነጋዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል። የሚያነክስ ፈረስ ጠዋት እንደተነሣ ያነክሳል እንጂ ከሮጠና ከሞቀ በኋላ እግሩ ይፈታለታል። ስለዚህ ሌባ ነጋዴ ገበያ ሳይገባ በፊት ከመንደር ኋላ ሲያስጋልበው ያረፍድና አሙቆ ያመጣዋል። ገዢው አንካሳውን እንደ ወፍ ሲበርር አይቶት ይገዛዋል። በማግሥቱ ጠዋት ፈረሱም ያነክሳል፣ ገዢውም ያለቅሳል።

«ይቺ ሞቃለች» አልኩ።

«ፀሐይ ነው ፋዘር» አለ ሸዋፈራው።

ሁላችንም ቀና ብለን ፀሐይ ፈለግን። ጉሙ ሐጂን ራሳቸውን እንኳ ግማሽ ድረስ ሸፍኗቸዋል።

«አንተ» አሉ ሐጂ፣ «እኔ ሰላት ላይ ሳለሁ ጭድ ቤቴ ገብተህ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ትንሽ... ላነቃቃት ብዬ ነው።»

«ትቀዝቅዝ» አልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂም አጠገቤ ተቀመጡ። የገብስ ቆሎ ወጣልን። ሁለታችንም ጥርሳችን የጎደለ ስለሆነ ቆሎው እስኪያልቅ መኪናዋ እንኳን ልትቀዘቅዝ በረዶ ልትሆን ትችል ነበር። ሐጂ ስለ ወንድማቸው አጫወቱኝ፤ እኔ ስለ አንዲት ባዝራዬ አጫወትኳቸው። ሸዋፈራው ይቁነጠነጣል። ቁንጥንጥ ሰው ሲያስጠብቁት ምን ያህል ደስ እንደሚል የሚያውቀው ሽማግሌ ብቻ ነው።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። ፈረስ ላይ ቁስል የሚደበቀው ከኮርቻው ልብስ፣ ከግላሱ ሥር ነው። ያማረ ግላስ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ግለጡ። መኪናዋ ውስጥ ደግሞ እግር የሚያርፍበት ላይ አዲስ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሌላው ሁሉ አሮጌ ሆኖ እሱ ብቻ አዲስ። በዱላዬ ገለጥ አደረግኩት። ዝገቱ በልቶት የሰው እግር የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ባይ ከሥር አንዲት ዶሮ የፈሰሰ ገብስ ስትለቅም ቀና ብላ በቀዳዳው አየችኝ። ተያየን። ከሁለታችን የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

«ወገቧ ተበስቷል» አልኩ።

«አየር ማስገቢያ ነው!» አለ ሸዋፈራው።

«ጣራ ለሌላት መኪና አየር ማስገቢያ?» አለች አስካለ። ልጄ ናት፤ ኮራሁ።

ጎኗን በዱላዬ እየቆረቆርኩ ዞርኩ። ክንግ፣ ክንግ፣ ክንግ ይላል። የኋላ ጭኗ ላይ ስደርስ ዱፍ አለ። ወጋ ሳደርገው ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀብቶበታል። መቀመጫዋን ባይ ጓሳ ሣር ተጠቅጥቆበታል፤ እሱን እንኳ ወድጄዋለሁ፣ ለቂጥ የሚመች ነገር ነው። ባጠቃላይ ግን በፈረስ ቋንቋ ብናገረው፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ወገቧ የቆሰለ፣ ጭኗ በጭቃ የተለሰነ፣ ሣር የምትበላ ሳይሆን ሣር የሆነች ነበረች።

የቀረኝ አመሏን መጠየቅ ነው። በእኛ ዘንድ ሻጭ አመሉን ሳይናገር የከብት ገመድ አያቀብልም። ገዢ «አመሉስ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሁለቱን ጊዜ ዝም ቢባል፣ ቢቀለድም፣ ችግር የለም። በሦስተኛው የዋሸ ግን ከገበያ ወጣ፤ ማንም ከእሱ በግ እንኳ አይገዛም።

«አመሏስ?» አልኩ።

«አመል የላትም! መልአክ ናት!» አለ ሸዋፈራው።

«አንተን አልጠየቅኩም። ሐጂ፣ አመሏስ?»

ሐጂ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«ሐጂ፣ አመሏስ?»

«እስከዛሬ ስንት ገዢ መጣ» አሉ ሐጂ። «ሁሉም የሚጠይቀኝ ስንት ትሮጣለች ብሎ ነው። አመሏን የጠየቀኝ ሰው ዛሬ አየሁ። አንቱ ሰው፣ እንግዲህ ይስሙኝ። ሳይገፏት አትነሣም። ተነሥታም ዳገት አትወድም። ሲዘንብ ትኮርፋለች።»

«ሐጂ በአላህ!» አለ ሸዋፈራው ጭንቅላቱን ይዞ።

«በአላህማ ነው የምናገረው። ደግሞም መሪዋን ወደ ግራ ሲያዞሩት ትጮኻለች።»

«ማን?»

«ክላክሷ። ወደ ግራ በታጠፉ ቁጥር ራሷ ትጮኻለች። አንዳንዴም እንደጮኸች ትቀራለች። ወንድሜ በሕይወቱ ሙሉ ወደ ግራ ለመታጠፍ እንደተሳቀቀ ነው የሞተው።»

እፎይ አልኩ። ሥራዬ አለቀ። እንዲህ የጠራ ምርመራ በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም። «ልጄ ተዪያት፣ እንሂድ» ልል ወደ አስካለ ዞርኩ፤ ዞሬም ቀረሁ። መኪናዋን በመዳፏ ትዳብሳታለች። የሚወዱትን ፈረስ አንገት እንደሚዳብሱት አድርጋ። ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቺም አልሆነችም ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ።

ተዪያት የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሽማግሌ የሚለው ሲያጣ ጊዜ ይገዛል፤ ጊዜ ደግሞ ሳንሞት የማንጨርሰው ብቸኛ ሀብታችን ነው።

«ስትሄድ ሳላያት አልፈርድም» አልኩ። «ደንቡ ባለቤቱ ይጋልባል፣ መርማሪ ያያል ነው።»

ሐጂ መሪውን ያዙ። እኔ አጠገባቸው ገባሁ፤ ገባሁ ስል ወረድኩ ማለቴ ነው፣ ቂጤ መሬት የነካ ነበር የመሰለኝ። እግሬን ከዚያ ቀዳዳ አርቄ ሰበሰብኩ። አስካለና ሸዋፈራው ከኋላ ገፏት። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ቀጥላ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሄደች! ቁልቁል ነበርና ሽምጥ እንደሚጋልብ ፈረስ ወረደች። ነፋሱ ጺሜን ወደ ጆሮዬ ወሰደው።

«ሐጂ፣ ቀስ!»

«ቀስ የምትለው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም!» አሉኝ።

እሱን ብለው ሳይጨርሱ ጉሙ ወደ በረዶ ተለወጠ። በቆሎ የሚያህል በረዶ በጣራ የለሽ መኪና ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ሐጂና እኔን ያየ ነው። እኔ ነጩን ጋቢዬን ከአናቴ እስከ አገጬ ተከናንቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ሐጂ ኮታቸው ተቆልፏል፣ ቆባቸው ነጭ ነው፣ ቀጥ ብለው ይነዳሉ። መንገዱ ወደ አንዲት መንደር ሲደርስ ታጠፈ። ወደ ግራ።

ጲጲጲጲጲ! አለች። ጮኸች፤ እንደጮኸችም ቀረች።

ያን ዕለት በመንደሯ የማርያም ማኅበር ነበር ለካ። ሴቶቹ ጠላቸውን ይዘው አንድ ቤት ተሰብስበዋል። ክላክሱን ሲሰሙ ወደ ደጅ ወጡ። ምን አዩ? የምታብረቀርቅ ቀይ መኪና፣ ኮት የለበሰ ሰው መሪ ይዞ፣ አጠገቡ ከአናቷ እስከ እግሯ በነጭ የተከናነበች አንዲት ጨዋ።

«ሙሽራ መጣች! እልልልልል!»

እልልታው በረዶውን አስቆመው ብል አትመኑኝ፣ ግን ያኔ ነው የቆመው። መኪናዋም ቆመች። ሞተሯ ጸጥ አለ፣ ክላክሷም ትንፋሿ አለቀና ዝም አለች። ሴቶቹ እያጨበጨቡ ከበቡን። «የማን ልጅ ናት?» ትላለች አንዷ። «እንዴት ጨዋ ናት፣ ፊቷን እንኳ አታሳይም!» ትላለች ሌላዋ። ምን አድርጌ ልገለጥ? እንደ እውነተኛ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ጎንበስ አለችና የጋቢዬን ጫፍ ገልጣ አየችኝ።

«ኧረ በማርያም! ይቺስ ሙሽራ ጺም አላት!»

«ሙሽራውም ሐጂ ይመር ናቸው!» አለች ሌላዋ።

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። መሬት ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ሐጂ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው እንባቸው በጺማቸው ወረደ። «እልልታውን መልሱ እንግዲህ» አልኳቸው አፍሬ።

«አንዴ እልል ካልን ወዲያ አንመልሰውም!» አለች ግዙፏ ሴትዮ። «ወይ ትጨፍራላችሁ፣ ወይ መኪናዋን ትተዋላችሁ!»

ጨፈርን። ጉልበቴ ከቆመ ዓመታት ሆኖታል ብዬ ነበር፤ ዋሽቼ ኖሯል።

አሁን መመለስ መጣ። ዳገት ነው፣ እሷም ዳገት አትወድም፤ ደግሞም ኮርፋለች። ከመንደሩ ሰው ሁለት ፈረስ ተገኘ፣ አንድ ጥቁር ጉራቻና አንድ ግንባረ ነጭ ቦራ። ይሄ እንግዲህ የእኔ ሥራ ነው። ጥርሳቸውን አይቼ፣ ሰኮናቸውን አንሥቼ፣ በመጫኛ ከመኪናዋ ፊት ጠመድኳቸው። ሐጂ መሪ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ፈረሶቹን ሳብኩ። ሴቶቹ «ሙሽራዋን ሳንሸኝማ አንቀርም» ብለው ከበሯቸውን ይዘው ተከተሉን።

አንድ ነገር ረሳን። ሞተሯ ይሙት እንጂ ክላክሷ አልሞተም። ሐጂ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ነካ ሲያደርጉት ጲጲጲ! አለች። ፈረሶቹ ደነበሩ። እኔ ልጓሙን ይዤ በፈረስ ተጎተትኩ፣ ፈረሱ መኪናዋን ጎተተ፣ መኪናዋ ሐጂን ይዛ ሄደች፣ ሴቶቹ ደግሞ ይሄም የሥነ ሥርዓቱ አካል መስሏቸው እልልታቸውን አቀለጡት። አንድ ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ፈረሶቹን በግድ ሳቆም ለሐጂ እንዲህ አልኳቸው፤

«ሐጂ፣ ከእንግዲህ ቀኝ ብቻ!»

«ቤቴ እኮ በግራ ነው!»

«ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ እያልን ግራ እንደርሳለን።»

ይሄን እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ግን ልክ ነበርኩ። የሐጂን በር በግራ በኩል አይተን አለፍነው፤ ገበያውን በቀኝ ዞርን። በሩ ደረስን፤ ፈረሶቹ አልፈው ሄዱ። እንደገና ዞርን። አሁን ደግሞ ግርግሩን አይቶ የወጣው የራቤል ሰው በሩን ዘግቶታል። ሦስተኛ ዞርን። ሱቅ የነበረው ሱቁን ትቶ፣ ገበያ የነበረው ሚዛኑን ጥሎ ተከትሎናል። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ሁለቱ ፈረስ፣ ቀይዋ መኪና፣ በውስጧም ሐጂ ይመር እንደ ደጃዝማች ግራና ቀኝ እጅ እየነሡ በሩን ገባን።

አስካለና ሸዋፈራው በሩ ላይ ቆመዋል። ሸዋፈራው መኪናዋ ስትጎተት አይቶ ግድግዳ ተደግፏል። አስካለ ስልኳን ዘርግታ ትቀርጻለች። አሁን መፍረድ አለብኝ። በአንድ ጫማ ቆሜ እውነቱን ነገርኳት፣ ልጄን አልዋሽም።

«ልጄ፣ ፈረስ ብትሆን አላስገዛሽም ነበር። ቁስሏን አየሽ፣ አመሏን ሰማሽ። ይኸው ስትሞትም አየናት። መንገድ አትሄድም።»

«አባዬ፣ መንገዱ ላይ ሰው ወጣ ወይ?»

«ምን?»

«ሰው ወጣ ወይ ነው የምልዎት። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ የወጣ አለ።

«ወጣማ። ማኅበሩን ትቶ ወጣ።»

«ሙሽራ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድንኳን ነው የምትሄደው፣ አባዬ። ያቺ ነጭ መኪና ስታልፍ በሩን ከፍቶ የሚያያት የለም፤ መስታወቷም ተዘግቷል። እኔ የምገዛው ይሄን ነው» አለችና ከበሮ ወደሚመታው ሕዝብ አሳየችኝ። «ፈረሱን ደግሞ የሚመርጥልኝ አላጣም።»

ስንት ዘመን ፈረስ ሳይ ኖርኩ፤ ፈረሱን የሚያየውን ሰው ግን አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁም ነበር። ልጄ አየችው።

«ግዢ» አልኳት።

ሐጂ ለእያንዳንዱ አመል ከዋጋው ላይ ቀነሱላት። ሸዋፈራው አንድ አንድ አመል በተጠራ ቁጥር ያቃስት ነበር። የክላክሱን ሲቀንሱማ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከላሟ ዋጋ ተርፎ አስካለ ጥጃዋን መልሳ ገዝታለች፤ አሁን ጊደር ሆናለች።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ዘመሮ ገባች። መካኒኩ ክላክሷን ሊያስተካክል ሞክሮ «እሱን ከነቀልኩ መብራቷም ይጠፋል» ሲል ይቅር አልነው። ቀዳዳዋ ተደፈነ፣ የላስቲክ አበባው ፊቷ ላይ ታሰረላት፣ ሁለት ነጫጭ ፈረስ እኔ ራሴ መርጬ ጠመድኩላት። እሑድ እሑድ ሙሽራ ይዘን እንወጣለን። ፈረስ እንዳይደነብር ወደ ግራ አንታጠፍም፤ ስለዚህ ድንኳኑ የትም ይተከል የት ቀኝ በቀኝ እየዞርን ነው የምንደርሰው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት የሙሽራ እናት «ሦስቴ መዞሩ ምንድን ነው?» ብትለኝ ምን ልበላት፣ ክላክስ ተበላሽቶ ነው ልበላት? «ወግ ነው» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። አሁን አስካለ ለፋሲካ ማግሥት ሰርግ የሚመጣባትን ሰው በቀጠሮ ነው የምታስተናግደው።

ባለፈው እሑድ ከሰርግ መልስ ፈረሶቹን ውኃ ሳጠጣ ያቺ ረጅሟ ነጭ መኪና ሙሽራ ይዛ አለፈችኝ። ጥቂት ቆይታ በዚያው አለፈች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ መንገድ የጠፋበት መስሎኝ ሾፌሩን በእጄ አስቆምኩት።

«ልጄ፣ ድንኳኑ እኮ እዚህ በግራህ ነው፤ ምን ሆነህ ነው በቀኝ የምትዞረው?»

መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ እያዘነልኝ፣

«አባባ፣ የዚህ አገር ሰው ሆነው ወጉን አያውቁም?» አለኝ።